ኮምፒውተሩ ያወጣውን ትራስ (የሚተኙበትን ሳይሆን ጣሪያ የሚሸከመውን የብረት ማዕቀፍ) ማንም አልወደደውም፣ ምን ላርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ የ24 ሜትር የመጋዘን ጣሪያ ትራስ በግራስሆፐር (ዲዛይን በቁጥር የሚቀያየርበት ፕሮግራም) እና በካራምባ (እዛው ላይ ጥንካሬውን የሚያሰላ) ሞዴል አድርጌ ክብደቱን በጋላፓጎስ (የተሻለውን አማራጭ ራሱ የሚፈልግ) እያስቀነስኩ ነው፣ ቁጥሩ አሪፍ ሆኖ ሳለ አርክቴክቷ ስታየው "ይሄ የሸረሪት ድር ምንድነው" አለች፣ በያጁ ደሞ ብረቱ ሁሉ የተለያየ ስለሆነ ጭራሽ አልሰራም ብሏል። ለውበቱ ከ10 ነጥብ እየሰጠሁ ከክብደቱ ጋር ደመርኩት፣ ባሰበት። የሰው ምርጫ እንዴት ነው የሚገባው?

ብረታብረት፦ የበያጁን ነገር ከውበት ጋር አትቀላቅለው፣ እሱ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። የአርኤችኤሱ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሳይዝ ከ3 ዓይነት አይብለጥ፣ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ቁርጥራጩ አይብዛ፣ በብረቶቹ መሃል ያለው አንግል ደሞ ከ30 ዲግሪ አይነስ፣ ዩሮኮድ 3 ክፍል 1-8 (የአውሮፓ የብረት ግንባታ ደንብ) ራሱ ለቱቦ መጋጠሚያ የሚለው እሱን ነው፣ ሲጠብ ኤሌክትሮዱ የት ይገባል? ይህን ብቻ ብታስገባ ድሩ በጣም ይቀንሳል።

ኮድና ቡና፦ ከ10 መስጠት ይቅርብህ፣ ጠዋት 7 ያልከውን ከሰዓት 5 ትለዋለህ። አርክቴክቷን ሁለት ሁለት እያረክ "የቱ ይሻላል" በላት፣ ማወዳደር ይቀላል። 20፣ 30 መልስ ካገኘህ በብራድሊ ቴሪ (ከሁለት ሁለት ምርጫ ነጥብ የሚያሰላ የ1952 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፣ አርጅቷል ግን ይሰራል) ነጥብ ታወጣለህ፣ ነጥቡን ከትራሱ ቁመትና ከብረቱ ብዛት ጋር ካያያዝከው ደሞ ያላየችውንም ይገምትልሃል። ከክብደቱ ጋር ግን አትደምረው፣ ጋላፓጎስ አንድ ግብ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ብዙ ግብ በሚያውቁት ዋላሴይ ወይ ኦክቶፐስ ላይ ክብደቱንና ውበቱን ለየብቻ አርገህ ለውበቱ ስንት ኪሎ እንደምትከፍሉ እያያችሁ ምረጡ።

ጠያቂ፦ 30 ጊዜ ቁጭ ብላ የምትመልስልኝ አይመስለኝም 😅

ሰማያዊ ኮፍያ፦ እውነት ነው ይሰለቻል፣ ሰው ሲደክመው ደሞ ዝም ብሎ ነው ክሊክ የሚያረገው። ባዮሞርፈር ሞክር፣ እሱም ግራስሆፐር ላይ ነው፣ ዲዛይኖቹን በ12 ቡድን ከፍሎ ከየቡድኑ አንድ ተወካይ ብቻ ያሳያታል፣ የወደደችውን ትመርጣለች፣ ቀጣዩ ትውልድ ከሱ ይወለዳል። ክብደቱን ከስር ጻፍላት። ዲፍሌክሽኑ (በጭነት የሚጎብጠው መጠን) ከሚፈቀደው የበለጠውን ግን እንዳታሳያት፣ ከወደደችው በኋላ አይሆንም ማለት ጠብ ነው፣ ደርሶብኛል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ ነገ ላፕቶፔን ይዤ ቢሮዋ እሄዳለሁ። በያጁንም ልጥራው?

ብረታብረት፦ ለብቻው አስቀድመህ አናግረው። ሁለቱን አንድ ላይ ካስቀመጥካቸው ዲዛይን ሳይሆን ሽማግሌ ነው የሚያስፈልግህ።