ሁለት «የሬምብራንት» ህትመቶች ገዛሁ፤ እውነተኛ መሆናቸውን እንዴት ልለይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኔዘርላንድ ነው። በቀደም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሁለት ፍሬም ውስጥ ያሉ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በ60 ዩሮ ገዛሁ። ሻጩ «ሬምብራንት ነው» አለኝ (የ17ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊ)፤ ማስረጃ ግን የለውም። አንዱ የገጠር መልክዓ ምድር ነው። በቀኝ ሦስት ዛፎች፣ በግራ ሰማዩ ላይ ዝናብ አለ። ወርዱ 20፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር። ሌላው መስኮት ተደግፎ የሚያነብ ወጣት ነው፤ ቁመቱ 24 ተኩል፣ ወርዱ 19። ወጣቱ ላይ የሬምብራንት ስም በግልጽ ይነበባል። ባለቤቴ «ተሸወድሽ» ብሎ ይስቅብኛል። ከፍሬም ላውጣቸው? ምኑን ልይ?

የሠፈር ልጅ፦
እንኳን ደስ ያለሽ! ሚሊዮኑ ሲገባ እኛንም አትርሺ 😂

መዳብ፦
ስሙ ምንም አይነግርሽም። ሬምብራንት የሚፈርመው ሥዕሉ የሚታተምበት የመዳብ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ፣ ማንም ኮፒ ቢያደርገው ፊርማው አብሮ ይመጣል። ከልኬቱ ጀምሪ። የመጀመሪያው «ሦስቱ ዛፎች» የሚባለው የ1643 ሥራ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ሰሌዳው 21 በ28 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ወረቀት በእርጥበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋ ወይም ይጠብ ይሆናል እንጂ 8 ሴንቲ አይጠብም። ስለዚህ ያንቺው ተቀንሶ የታተመ ነው፤ በዚህ አትድከሚ። ግን አትጣይው። በቀኝ ኮረብታው ላይ ተቀምጦ የሚሥል ሰው፣ ከታች ቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ የተደበቁ ፍቅረኞች አሉ፤ ፈልጊያቸው።

ሁለተኛው ያን ሲክስ ነው፤ 1647። የሀብታም ልጅ፣ ገጣሚ፣ በስተርጅና የአምስተርዳም ከንቲባ የሆነ። የእሱ ልኬት ገጥሟል። እሱን በደንብ መርምሪ።

ፍሬም ሠሪው፦
እህቴ፣ ከጀርባ በኩል ቀስ ብለሽ ክፈቺው። በሙጫ ከተያዘ ግን አትጎትቺ፤ ለባለሙያ ስጪ።

መጀመሪያ አስር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዪ። ጥቃቅን ነጠብጣብ ካየሽ የማሽን ህትመት ነው፤ እዚያው አለቀ። የሬምብራንት አሠራር ሌላ ነው። መዳቡ በሰም መሰል ነገር ይቀባል፣ በመርፌ ይሣልበታል፣ ከዚያ አሲድ መስመሩን ይበላዋል። ቀለሙ የሚገባው የተበላው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ማተሚያ ይጨመቃል። ለዚህ ነው መስመሩ በጣት እንኳ ከፍ ብሎ የሚሰማው (አንቺ ግን በጣትሽ አትንኪው!)። የሰሌዳው ጠርዝም ዙሪያውን ወረቀቱን አስምጦ ያልፋል።

ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሺው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ወረቀት ላይ የተሠራበት የሽቦ ወንፊት መስመር ይታያል። መስመር የሌለው የአውሮፓ ወረቀት የመጣው ከ1750 ወዲህ ነው፤ ሬምብራንት የሞተው 1669። እሱ የጃፓን ወረቀትም ይጠቀም ስለነበር ለስላሳና ቢጫማ ከሆነ ወዲያው አትጣይው።

ሙዚየም ወዳድ፦
የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም የራሱን ህትመቶች ፎቶ በትልቅ ጥራት በነፃ ለቋል። አውርጂና መስመር በመስመር አመሳክሪ። አምስተርዳም ብቅ ካልሽ ደግሞ የሬምብራንት ቤት ሙዚየም ግቢ። ከ1639 ጀምሮ የኖረበት ቤት ነው፤ በኋላ ኪሳራ ላይ ወድቆ ተሸጠበት። አሁን እዚያ አስተታተሙን እያተሙ ያሳያሉ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ዛፎቹ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ናቸው። ሥዓሊውን አገኘሁት፤ ፍቅረኞቹን ገና። ወጣቱ ግን ነጠብጣብ የለውም፤ የሰመጠ ጠርዝም፣ የወረቀት መስመርም አለው! ጀርባው ላይ ኤ እና ዲ የሚሉ ፊደላት ያሉበት ትንሽ ቀይ ማህተም አለ። ልቤ ሊቆም ነው።

መዳብ፦
ተረጋጊ። ቀዩ ማህተም የፓሪሱ አማን ዱራን ነው፤ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራ ሰው። እውነተኛውን ህትመት ፎቶ አንስቶ ወደ መዳብ ያስተላልፍና በአሲድ አስበልቶ በዚያው ዓይነት ማተሚያ ያትም ነበር። ስለዚህ ፍሬም ሠሪው ያለው ሁሉ ይሟላል፤ የሬምብራንት እጅ ብቻ የለበትም። ማህተሙን የሚያደርገው ሰው እንዳይሳሳት ነው፤ ሐቀኛ ሥራ ነው። በእኔ ግምት 60 ዩሮው አላከሰረሽም።

ሌላም ልጨምር። «ከዋናው ሰሌዳ የታተመ» ቢሉሽም ቶሎ አትመኚ። ብዙ የሬምብራንት ሰሌዳዎች እሱ ከሞተ በኋላ ተርፈዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ባዛን የሚባል አሳታሚ እጅ ገብተው እየታደሱ ታትመዋል። መዳብ ለስላሳ ነው፤ በታተመ ቁጥር ይበላል። የሲክስ ውበት ደግሞ ጥቁረቱ ነው። ክፍሉ ጨልሞ ፊቱ ላይ ብቻ የመስኮቱ ብርሃን ያርፋል። ያ ጥልቅ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ መምሰል አለበት፤ ግራጫ ሆኖ ካየሽው ተጠራጠሪ።

ጠያቂ፦
እሺ ገባኝ። ሳሎን ልሰቅለው ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

ፍሬም ሠሪው፦
ቀጥታ ፀሐይ አይምታው። ዙሪያው የሚገባው ካርቶን አሲድ የሌለበት ይሁን፤ አለዚያ ወረቀቱ ይበልዛል። ለፍሬም አልመጥን ቢል እንኳ ነጩን ዳር እንዳታስቆርጪ። ጀርባውንም ሙጫ አታስነኪ፤ ማህተሙ ካልታየ ነገ የሚገዛሽ ሰው በምን ያምንሻል?

የሠፈር ልጅ፦
ሚሊዮኑ ቀረ ማለት ነው? በሉ ፍቅረኞቹን እንፈልግ።