ክርክር፦ የአፍሪካ ዋንጫን ለማዘጋጀት ደርሰናል ወይ?

ጂቡቲያዊው (ከዚራ)፦
አቦ፣ ሳትቆጡ አንብቡኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጂቡቲ ነው። ድሬዳዋ ከገባሁ 11 ዓመቴ፤ ልጆቼም እዚሁ ነው የተወለዱት። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ላዘጋጅ ብላ ጠየቀች ሲባል ግን ደስ አላለኝም፣ ፈራሁ። ዋልያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ባለሜዳ ነበሩ። የተጫወቱት ግን ማላዊ ነው። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ እዚህ ያሉት ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም ስላለ። ያን ቀን ሁለተኛው ጎል ሲገባ ጎረቤቴ ቲቪው ፊት አቅፎኝ አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው። ዋንጫው ከመጠየቁ በፊት ለእሱ አንድ ጨዋታ አገሩ ላይ አሳዩት።

የመጋላ ልጅ፦
ወንድሜ፣ በአክብሮት ነው። የጂቡቲ ቡድንም እኮ ሰው አገር ነው የሚጫወተው። ድሬ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለችም። በእኛ አቆጣጠር በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ነበር። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ)። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ሆና መጥታ አንድም ሳታሸንፍ ከድሬ ተሰናበተች። ሞሮኮ ከዚህ አልፋ ነው ዋንጫውን የበላችው። አባቴ ያኔ ልጅ ነበር። እስከዛሬ ሲያወራው ዓይኑ ይበራል። ልጄም እንደዚያ የሚያወራው ነገር ይኑረው እላለሁ።

ጂቡቲያዊው፦
ልክ ነህ፣ የእኛም ይሰደዳል። ስለማውቀው ነው የምናገረው። ግን ያኔ 8 ቡድን ነበር፣ ሁለት ከተማ በቃው። አሁን 24 ነው። ካሜሩንም ኮትዲቯርም 6 ስታዲየም አዘጋጅተዋል።

የሳቢያን እናት፦
እኔ ኳስ አላውቅም፣ ውሃ ግን አውቃለሁ። ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቼ ነው ጀሪካን የሞላሁት። ሦስተኛው ሳይሞላ ሄደ። ማንቆርቆሪያዬን ብታዩት ውስጡ ነጭ ኖራ ጋግሯል። እንግዳ ይምጣ፣ ድሬ እንግዳ ጠልታ አታውቅም። ግን ከሆቴሉ በፊት የእኛን ቧንቧ አስቡልን።

ገንደ ቆሬ፦
እማማ፣ እውነትዎን ነው። ግን ውሃውም መንገዱም ቀን ሲቆረጥለት ነው የሚፈጥነው። ግድግዳ የሚቀባው ሰርግ ያለበት ቤት ነው። ዝም ብለን ብንጠብቅ ማን ይሠራልናል?

ጂቡቲያዊው፦
ለካሜሩንም እኮ ቀን ተቆርጦላት ነበር። ሳትደርስ ቀርታ በፈረንጆቹ 2019 የሚካሄደው ወደ ግብፅ ሄደ። በኋላ፣ በ2022 ስታዘጋጅ፣ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በግፊያ 8 ሰው ሞተ። ስታዲየሙ አዲስ ነበር። ግድግዳው ተቀብቷል ማለት ነው። እኔም አንድ ጊዜ ትንሿን ልጄን ይዤ የሊግ ጨዋታ ልገባ ስል በአንዲት ጠባብ በር ተጨናነቅን። ጫማዋ ወለቀ። ጎንበስ ብዬ ላነሳው አልቻልኩም፤ ብጎነበስ ይረግጡን ነበር። በአንድ እግር ጫማ ነው ቤት የገባችው። ዋንጫ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ በር ነው።

የመጋላ ልጅ፦
በበሩ አልከራከርህም። እኔም ተገፍቻለሁ። ጥያቄው ይቅር ማለትን ግን አልቀበልም።

ጂቡቲያዊው፦
ይቅርም አላልኩ። መጀመሪያ ዋልያዎቹ አንድ ማጣሪያ እዚህ ይጫወቱ። በሩ ሰፍቶ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ኖሮት። ያን ቀን ጎረቤቴን ይዤ ከንጋቱ ጀምሮ የምሰለፈው እኔ ነኝ።