በሰሜን ቨርጂኒያ ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የሚቆም መታሰቢያ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት ኢትዮጵያውያን የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ እንዲቆም ጠቅላላ ጉባኤው በወሰነው መሠረት የመጀመሪያውን ረቂቅ ለአስተያየታችሁ አቀርባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 በዋሽንግተን በተመረቀው የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሳተፉት 22 አገሮች ስም በሰሜን በኩል ባለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀርጿል፤ የኢትዮጵያም ስም በዚያው ይገኛል። ይሁንና ጠርዙ የአገር ስም ብቻ የሰፈረበት በመሆኑ፣ የሚያልፈው ጎብኚ ማን እንደዘመተ፣ ከማን ጋር እንደተሰለፈ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የቨርጂኒያ ስቴት በመንገድ ዳር ከሚያስተክላቸው የታሪክ ሰሌዳዎች አንዱ ለቃኘው እንዲሰጥ እንድናመለክት ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

የታሪክ መምህር የሆኑ አባል፦
የጸሐፊያችንን ድካም አመሰግናለሁ፤ መንገዱ ግን የሚያስኬድ አይመስለኝም። ስቴቱ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚያስተክላቸው እነዚያ ብርማ ሰሌዳዎች ለአንድ ቦታ ታሪክ የተሰጡ ናቸው። አመልካቹ ወጪውን ችሎ፣ ጽሑፉን በ100 ቃላት ገደማ ወስኖ ቢቀርብም እንኳ ጉዳዩ ከቨርጂኒያ ጋር ያለውን ትስስር ማስረዳት ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተመልምሎ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ተጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ቡሳን ላይ የወረደና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተጣምሮ የተዋጋ ሠራዊት ነው። ከቨርጂኒያ ምድር ጋር የሚያገናኘው ዛሬ እዚህ የምንኖረው እኛ ብቻ ነን፤ ይህ ደግሞ ለሰሌዳ አይበቃም። ጥያቄያችን ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ወይም ለመናፈሻ አስተዳደሩ ቢቀርብ ይሻላል።

አንድ አባል፦
ታዲያ ለምን በዋሽንግተኑ መታሰቢያ አጠገብ አንጠይቅም?

የሕግ ባለሙያ የሆኑ አባል፦
በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት በዋና ከተማዪቱ በሚገኝ የፌዴራል መሬት ላይ አዲስ መታሰቢያ ለማቆም የኮንግረስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በብሔራዊው አደባባይ (ናሽናል ሞል) እምብርት ደግሞ አዲስ ሥራ በሕግ ተከልክሏል። የካውንቲ መሬት ይቀላል፤ ሆኖም አባላት ከወዲሁ ሊረዱት የሚገባ ነገር አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ፕሌዛንት ግሮቭ በተባለችው የዩታ ከተማ ጉዳይ እንደወሰነው፣ በሕዝብ መናፈሻ የሚቆም ቋሚ ሐውልት ገንዘቡን ማንም ይስጥ ማን የመንግሥት ንግግር ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ካውንቲው ስጦታችንን አልቀበልም ሊል፣ ወይም ቃላቱ ይለወጡ ሊለን ይችላል። ረቂቁ ላይ «የማይለወጥ ጽሑፍ» የሚለው ሐረግ ቢወጣ ይበጃል።

የዘማች ልጅ የሆኑ አባል፦
የአባቴ ትውልድ አባላት ከጦር ሜዳ አንድም ሰው በምርኮ እንዳላስቀሩ፣ የወደቁትንም ወገኖቻቸውን ወደ አገራቸው እንዳስመለሱ በኩራት ሲናገሩ ሰምቼ አድጌያለሁ። «ለጀግኖቻችን» የሚል አጠቃላይ ቃል ለእነርሱ ያንሳል። የወደቁት ሁሉ ስም ከነማዕረጉ እንዲጻፍ በአጽንዖት እጠይቃለሁ።

በግንባታ ሥራ የተሰማሩ አባል፦
የእኅታችንን ጥያቄ እደግፋለሁ፤ ስሞቹን ግን በግራናይት ላይ ለመቅረጽ አንቸኩል። በዋሽንግተኑ መታሰቢያ ላይ የአሜሪካውያን ሟቾች ቁጥር 54,246 ተብሎ በድንጋይ ከተቀረጸ በኋላ፣ አኃዙ በዚያን ዘመን በሌላው ዓለም በልዩ ልዩ ምክንያት የሞቱ ወታደሮችንም እንደሚያካትት ታወቀ፤ በ2022 በተጨመረው የስም ግድግዳ ላይ የሰፈሩት 36,574 አሜሪካውያን ናቸው። በዚያ ግድግዳ ላይ እንኳ ብዙ ስሞች ተሳስተው መጻፋቸውን ያጋለጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ታላቅ መንግሥት ያን ያህል ከተሳሳተ እኛ ምን ዋስትና አለን? የእኛም ሟቾች 121 ናቸው የሚል ጽሑፍ አለ፤ 122 የሚልም አለ። በተጨማሪም አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የአዲስ አበባውና የኮሪያው ዝርዝር ጎን ለጎን ተነጻጽሮ እስኪጣራ ድረስ ቁጥር አንጥቀስ። ጽሑፉም በድንጋዩ ላይ በብሎን በሚታሰር የነሐስ ሰሌዳ ላይ ይሁን፤ ቢሳሳት ሰሌዳው ይቀየራል፣ ድንጋዩ ይቆያል። ስሞቹ በአማርኛም ይጻፉ፤ የፊደሉ ትክክለኛ አጻጻፍ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ገንዘብ ያዥ፦
ለጥገና የሚውል ገንዘብ ከግንባታው ተለይቶ በጀት ይያዝለት። ካውንቲው ይህን መጀመሪያ ሳይጠይቀን አይቀርም።

አንድ አባል፦
የሰንደቅ ዓላማው ጉዳይ በረቂቁ አልተነሣም። ዘማቾቹ የያዙት አንበሳ ያለበትን ነበር።

የታሪክ መምህሩ፦
እውነት ነው፤ ነገር ግን በሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ ክርክር ከከፈትን መታሰቢያው ሳይቆም ማኅበሩ ይፈርሳል። የሻለቃው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል። ይልቅ ኮሪያውያን ጎረቤቶቻችንን በአጋርነት እንጋብዛቸው። በዚሁ በቨርጂኒያ፣ በቪየና ከተማ ባለው ሜዶላርክ የዕፅዋት መናፈሻ ያቆሙት የደወል ስፍራ በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ ነው፤ ፈቃዱን እንዴት እንዳገኙ፣ ከመናፈሻ አስተዳደሩ ጋር እንዴት እንደተዋዋሉ ከእነርሱ መስማት ከማንኛውም ጠበቃ ይልቅ ይጠቅመናል። ወዳጄ የሕግ ባለሙያው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
በአስተያየቶቹ መሠረት የረቂቁ ዋና አንቀጽ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ማኅበራችን ከኮሪያ ተወላጅ ማኅበረሰብ ጋር በመሆን፣ ከ1951 እስከ 1953 በኮሪያ ለተዋጉት የቃኘው ሻለቆች አባላት በካውንቲው ወይም በመናፈሻ አስተዳደሩ መሬት ላይ የግራናይት መቆሚያና በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በኮሪያኛ የተጻፈ፣ ሊቀየር የሚችል የነሐስ ሰሌዳ በራሱ ወጪ ለማቆምና የጥገና ገንዘብ ለማስያዝ ፈቃድ ይጠይቃል።» የስም ዝርዝሩን የሚያጣራው ንዑስ ኮሚቴ በእኅታችን ሰብሳቢነት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤው ለማንም አይላክም።