አምባዛው ወደ ወንዝ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ?

ከሱሉልታ፦ ዕፅዋት በተተከሉበት አኳሪየም ውስጥ ቀያይ ሽሪምፖች አረባ ነበር። «ቆሻሻ ይለቅማል፣ ማንንም አይነካም» ተብሎ የተሸጠልኝ ባለ ጢም ዓሣ አምባዛ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሊት ሌሊት እያደነ አንድም ሳያስቀር ጨረሳቸው። አሁን ከስንዝር አልፏል፤ መዞሪያ አጥቷል። ልግደለው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ጎረቤቶቼ «ወንዝ ውስጥ ብትለቀው ነፍስ ማዳን ነው» ይሉኛል። የአገራችን ዓሣ ስለሆነ እኔም ወደዚያው አዘንብያለሁ። የሚቃወም አለ?

ከገላን፦ ምን የሚያከራክር ነገር አለው? ልቀቀው! አምባዛ ከአዋሽ እስከ ጣና የሚኖር የራሳችን ዓሣ ነው። ወንዞቻችንን የገደላቸው የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ነው እንጂ አንድ ዓሣ አይደለም። በአቃቂ ድልድይ ላይ አፍንጫውን ይዞ ያለፈ ሰው ስለ አንድ አምባዛ ሲሟገት መስማት ያስቀኛል።

ከሰበታ፦ ስለ ፍሳሹ እውነትህን ነው። ዓሣው ግን ብቻውን አይለቀቅም። ከእስያ ከመጡ ሽሪምፖችና ከውጭ ከመጡ ዕፅዋት ጋር በአንድ ውኃ ውስጥ ከርሟል፤ ተውሳክ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ባልዲው ሲደፋ ደግሞ የቀንድ አውጣ እንቁላልና የተቆረጠ ተክል አብሮ ይደፋል። እምቦጭም በብዙ አገሮች የተዛመተው አበባው አምሮባቸው ሰዎች ለጌጥ በየኩሬያቸው ስላኖሩት ነው። በእኛ አገር በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣና ላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው በእጁ ሲነቅለው እንደዋለ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

ከገላን፦ የሱሉልታ ብርድ ለውጭ ፍጥረት አይመችም። የሞቀ አገር ዓሣና ተክል እዚያ አንድ ክረምት አያልፍም።

ከሰበታ፦ ቀዩ ሽሪምፕ ማሞቂያ በሌለው ውኃ ውስጥ የሚኖር ነው፤ በብርድ አትተማመን። ደግሞስ የሱሉልታ ውኃ እዚያው ሱሉልታ ይቀራል? በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ሸለቆው ሞቃት ነው። የአንተ የገላን ውኃ ደግሞ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ከለገጣፎ፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ወንዙ ስትከራከሩ ሱቁን ዘነጋችሁት። ባለ ጢም ዓሣ ሁሉ በአንድ ስም ስለሚሸጥ ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው። እኔ ኮሪዶራስንና ሽሪምፕን አብሬ አኖራለሁ። ኮሪዶራስ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ቁመቱ ከጣት የማይበልጥ ዓሣ ነው፤ አሸዋ ላይ የወደቀ ምግብ ይለቅማል፣ ብቸኝነት ስለማይወድ አምስት ስድስት ሆኖ ነው የሚረጋጋው። ያደገ ሽሪምፕ አፉ ውስጥ አይገባለትም። ገና የተፈለፈለ ግልገል ካገኘ ግን ይውጣል፤ ስለዚህ ጃቫ ሞስ የሚባለውን የውኃ ውስጥ ተክል ጥቅጥቅ አድርጌ አሳድጋለሁ፤ ግልገሎቹ እዚያ ይሸሸጋሉ። ማጣሪያዬም ስፖንጅ ነው፤ ትንንሾቹን አይስብም። ኦቶሲንክለስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከዚህም የባሰ የዋህ ነው፣ አልጌ ይግጣል። ፕሌኮ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ሲሸጡላችሁ የጣት ያህል ነው፤ አድጎ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ተክሉን ይነቅላል። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል! እንግዲህ ሻጭ የዓሣውን ትክክለኛ ስምና ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ጽፎ እንዲለጥፍ በሕግ ይገደድ እላለሁ።

ከቡራዩ፦ ልጄ፣ ሻጩ ራሱ ከየት ያውቃል? በፌስታል የመጣለትን ነው የሚሸጠው። ሕጉ ቢወጣስ ማን ሊቆጣጠረው? እኔ ብሆን ጠብሼ እበላው ነበር፤ ክርክሩም አብሮ ያበቃ ነበር።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ይበላሉ?

ከቡራዩ፦ አንተ አትብላ፤ ማን አስገደደህ?

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ ውኃው ውስጥ የዓሣ መድኃኒት ተጨምሮ ከነበረ ለማንም አይሆንም። ለጌጥ ዓሣ የሚሸጠው መድኃኒት ለሚበላ ዓሣ ተብሎ አልተሠራም። ለለገጣፎዋ እህቴ የምለው፦ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ግን ሽያጩ ብቻ ሳይሆን መልቀቁም ይከልከል። በሜክሲኮ የኢንፊየርኒዮ ግድብ አጥማጆች ቲላፒያ ለማጥመድ የጣሉትን መረብ ፕሌኮ ሞልቶት ያወጡ ነበር። እዚያ ማንም ግድቡን ላጥፋ ብሎ አልተነሣም።

ከሱሉልታ፦ ታዲያ አልልቀቀው፣ አልግደለው፣ አልብላው፤ ምን ላድርገው?

ከለገጣፎ፦ እኔ ግቢዬ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራ ኩሬ አለኝ፤ ባዶውን ነው። ልቀበልህ እችላለሁ።

ከገላን፦ ክረምት ሲመጣ ኩሬሽ ሞልቶ ቢፈስስ? አምባዛ አየር ይተነፍሳል፤ በእርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ያው ወንዝ ገባ ማለት አይደለም?

ከለገጣፎ፦ ጠርዙ እስከ ወገቤ ነው፣ በላዩም የሽቦ መረብ አለው። ክርክሩን ለማሸነፍ ብለህ ዓሣውን ክንፍ አታውጣለት።

ከሱሉልታ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላምጣው?

ከለገጣፎ፦ አምጣው። ባልዲው ክዳን ይኑረው፣ ይዘላል። ውኃውን ግን ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው፤ አትክልት አጠጣበት።