ጥቆማ፦ በልጅነቱ ልቡን ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው፣ አድጎ ድሬና ሐረር ላይ የት ይታይ?

ጥያቄ፦ እህቴ 23 ዓመቷ ነው። ልቧ ላይ ቀዳዳ ይዛ ተወልዳ በ9 ዓመቷ አዲስ አበባ ተዘጋላት። ሰሞኑን ደረጃ ስትወጣ ይደክማታል። ድሮ ያዩዋት የነበሩት የሕፃናት ሐኪሞች «አድገሻል» ብለው ካሰናበቷት ቆየ። ቤታችን ድሬ፣ ሳቢያን ነው። የት እንውሰዳት?

መልስ፦ አቦ፣ ይሄ የኔም ጥያቄ ነበር። እኔ ፋሎት የሚባለውን ይዤ ነው የተወለድኩት፤ አራት ችግር በአንድ ልብ። በልጅነቴ ተሠርቻለሁ፣ አሁን 31 ደፍኛለሁ።

እንደኛ ላሉት ብቻ ተብሎ የተከፈተ ክሊኒክ እዚህ አካባቢ አላጋጠመኝም። የምትሄደው ውስጥ ደዌ ነው፤ ግፊትና ስኳር ካለባቸው አባቶች ጋር ትሰለፋለች።

ሌሊት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ራሷን ከሳተች ምርጫ አያስፈልገውም፣ ቅርባችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ለክትትል ግን የኔ ምርጫ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ አንዱ ጠይቋችሁ ሲወጣ ሌላው ከዜሮ ይጀምራል። ያሰለቻል። እኔን ያተረፈኝ ግን ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ልቤ ላይ ድምፅ ሰምቶ «ሩማቲክ ነው»፣ ማለትም ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ በሽታ ነው ብሎ፣ በየወሩ መርፌ ሲወጋኝ ከረመ። የሚያመው መርፌ! ሐረር አንድ ወጣት ሐኪም ሸሚዜን አስወልቆ «ይሄ ጠባሳ የምንድን ነው?» አለኝ። እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ አልነበረም። ለካ ደም ወደ ሳንባ የሚያሳልፈው ቫልቭ እያፈሰሰ ቀኝ ልቤ ሰፍቷል። ፋሎት ከተሠራ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የታወቀ ነገር ነው። የእህትህ ሌላ ነው፣ ቢሆንም «ተዘግቷል፣ አለቀ» አትበሉ።

የግል ሆስፒታል ለኢኮ፣ ለልብ አልትራሳውንድ ማለቴ ነው፣ ጥሩ ነው። ወረፋው አጭር፣ ብሩ ከባድ። ከመክፈላችሁ በፊት ኢኮውን የሚሠራው የልብ ስፔሻሊስት መሆኑንና በየትኛው ቀን እንደሚገባ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ ሁለቴ ከፍያለሁ።

ከሆስፒታሉም በላይ ወረቀቱ! ቀዳዳው የት እንደነበር፣ በምን እንደተዘጋ የሚናገረው የኦፕራሲዮኑ ማጠቃለያ ነው። የኢኮ ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት ሙቀት አይችልም፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ፌስታል ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዛሬውኑ በስልክ አንሱት።

አዲስ አበባ የተሠራችው ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው፣ በነዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በተቋቋመው የልብ ማዕከል ከሆነ ፋይሏ እዚያ ስለሚሆን መጀመሪያ ደውሉ። አውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩ ይረክሳል፣ ግን አዲስ አበባ ዳር፣ ለቡ ነው የሚጥላችሁ፤ ከዚያ ታክሲ አለ። ከንፈሯ የሚጠቁር ከሆነ ግን ጉዞውን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትነሱ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፤ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል። ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት፣ ደንገጎን ስወጣ እንኳ እኔ ይታወቀኛል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ሴት ስለሆንኩ የኔን ልጨምር። ትዳር ካሰበች ከማርገዟ በፊት ኢኮ ትታይ። እርግዝና ልብ ላይ ሥራ ይጨምራል፤ የሳንባ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ያለ ሴት ደግሞ ሕይወቷ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒንም ከጎረቤት ተቀብላ እንዳትውጥ፣ ደም የሚያረጋ ዓይነት አለው። ጥርስ ስታስነቅልም ልቧን እንደተሠራች ለሐኪሙ ትናገር። የአፍ ጀርም በደም ሄዶ ልብ ላይ እንዳይሰፍር አንዳንዶቻችን ቀድመን አንቲባዮቲክ መውሰድ አለብን። እኔ አፍሬ ዝም ብዬ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ተኛሁበት።

መልስ፦ ጫቱንስ ረሳችሁት? ልብ ያስሮጣል። ድሬ ላይ ይህን መናገር ጠብ መፈለግ ነው፣ አውቃለሁ።

ጠያቂው፦ እህቴ አትቅምም፣ እኔን ነው የሰደባችሁት። ወረቀቱን እናቴ ሣጥን ውስጥ አገኘነው። የኢኮው ፎቶ ነጭ ሆኗል፤ ማጠቃለያው ግን ይነበባል። ሰኞ በጠዋት ሐረር ነን።