እጅ ለጽሑፍ፣ እግር ለድምፅ፦ ቃለ መጠይቅ ለምትገለብጡ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት የማስተርስ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ቃለ መጠይቁን ቀድተው ጨርሰዋል። የቀራቸው ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። «ድምፁን ሳቆም ስጀምር እጄ አለቀ፤ ምን ልግዛ?» ይላሉ። ይህን ሥራ ባሕር ዳር ላይ ለራሴም ለሰውም ስሠራ ቆይቻለሁ። የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

የአንድ ሰዓት ቅጂ ለመገልበጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በአማርኛ እጅ ይበልጥ ይደክማል። በኪማንም ሆነ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች) ስንጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። «ባ» ለማለት እንኳ ሁለቴ መምታት ነው። ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ናቸው። በመሐል አንዱ ማውስ ፍለጋ ከሄደ፣ የሰማነው ንግግር ከጆሯችን ይጠፋል። ድምፁን ለእግር መስጠት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለዚሁ ሥራ የተሠራው ዕቃ የእግር ፔዳል ነው። እኔ የማውቀው ኢንፊኒቲ የሚባለውን ነው። ሦስት መርገጫ አለው። መሐለኛው ያጫውታል፣ ግራና ቀኙ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወስዳል። ስትረግጡት ይናገራል፣ ስትለቁት ዝም ይላል። ኤክስፕረስ ስክራይብ ከሚባለው ፕሮግራም ጋር ሲሠራ ደግሞ፣ ባቆማችሁ ቁጥር ድምፁ በራሱ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል። ይህቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ዋናው ጥቅም እሷ ናት። የተቆረጠችውን ቃል እንደገና ትሰሟታላችሁ።

ችግሩ ማግኘቱ ነው። እኔ ባሕር ዳር ሱቆች ውስጥ አላየሁም፤ የኔን ያገኘሁት ከውጭ በመጣ ዘመድ ነው። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት መሰኪያውን አስቀድማችሁ እዩ። የድሮዎቹ አንዳንዶቹ በዩኤስቢ አይሰኩም፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ቦታ የላቸውም። ቤታችሁ ሴራሚክ ከሆነም ከሥሩ ምንጣፍ አድርጉበት፤ አለበለዚያ እየሸሸ ያስቸግራል።

ፔዳል ከመፈለጋችሁ በፊት ግን አንድ አሮጌ የዩኤስቢ ኪቦርድ ፈልጉ። ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ጋ ከጥግ የተወረወረ አይጠፋም። ከላፕቶፑ ጋር ሰክታችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ሁለቱም ኪቦርዶች አብረው ይሠራሉ። ከዚያ ኦትራንስክራይብ የሚባለውን ነፃ ገጽ በብሮውዘር ክፈቱ። እዚያ ላይ ኢስኬፕ ቁልፍ ድምፁን ያቆማል፣ ያስጀምራል። ኤፍ 1 ወደ ኋላ ይመልሳል። ኢስኬፕ ደግሞ ኪቦርዱ ጥግ ላይ ብቻውን ነው ያለው። ከኤፍ 1 በቀር በአቅራቢያው ያሉትን ቁልፎች ነቅላችሁ አውጡ። ኢስኬፑና ኤፍ 1 ላይ ቆርኪ ለጥፉ። በእግር አውራ ጣት ጫን ማለት ነው። ጫን አድርጎ መቆየት ግን አይሆንም፤ ቁልፉ ስለሚደጋግም ድምፁ ይቆራረጣል። ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። እኔ ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ኦትራንስክራይብን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። የድምፅ ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ሰው አምኖ የነገራችሁ ነገር እናንተው ጋ ይቀራል። ጽሑፉን በየጊዜው ራሱ ያስቀምጣል፤ መብራት ሲሄድ ያድናችኋል። የሚያስቀምጠው ግን ብሮውዘሩ ውስጥ ስለሆነ፣ የብሮውዘሩን ታሪክ ስታጸዱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በየማታው ወደ ወርድ ገልብጡት።

እጃቸውን ለሚያማቸው ደግሞ ስልክ ላይ በአፍ መጻፍ አለ። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጂውን ለስልኩ በቀጥታ አታሰሙት። በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ፣ በራሳችሁ ድምፅ ረጋ ብላችሁ ድገሙለት። ኪቦርዱን በእግር፣ ጽሑፉን በአፍ ካደረጋችሁት እጅ ጨርሶ ያርፋል። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አራት ነጥቡን ራሳችሁ ታስገባላችሁ፣ የሰፈር ቃላትም ይስታል። የምትሉት ነገር ወደ ጎግል እንደሚሄድም አትርሱ። ምስጢር ያለበትን ቃለ መጠይቅ እኔ በዚህ መንገድ አልሠራም። ቅጂውን ራሳቸው ሰምተው ይጽፋሉ የሚባሉትን ፕሮግራሞችም ሞክሬያለሁ፤ ለእንግሊዝኛ ጥሩ ናቸው፣ ለገጠር አማርኛ ገና ናቸው።

«ለታይፒስት ብሰጠውስ?» የምትሉ አላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ ጽሑፍ የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። በእጅ የተጻፈ ነገር ከሆነ ያለ ስጋት ስጧቸው። ድምፅ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ታንኳ ከሚሠሩ የወይጦ (የጣና ዳር ማኅበረሰብ) አባት ጋር ያደረግሁትን ቃለ መጠይቅ አንድ ቤት ሰጠሁ። «ደንገል» (ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ተክል) ያሉት ሁሉ «ድንግል» ሆኖ መጣ። አነጋገራቸውም በመጽሐፍ አማርኛ ተስተካክሎ ነበር። ልጁ ተሳስቶ አይደለም፤ ታንኳ ከምን እንደሚሠራ የነገረው የለም። እኔ ግን የእኚያን አባት ቃል አጥቼ ነበር፣ ሙሉውን እንደገና ጻፍኩት። ከሰጣችሁ የአካባቢውን ቃላት ዝርዝር አብራችሁ ስጡ፣ «እንዳሉት ጻፍልኝ» ብላችሁ ንገሩት፣ ሲመለስም ከድምፁ ጋር አስተያዩት።

ገና ልትቀዱ ያላችሁ ደግሞ፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከፔዳሉ በፊት ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ግዙ፤ ስፖንጁ እንዳይጠፋ። ጣና ዳር ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ስልክ በእጅ ይዞ የተቀዳ ድምፅ ውስጥ ከሰውየው ይልቅ ሞገዱ ነው የሚሰማው። ጠዋት ሂዱ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡ። እንዲህ የተቀዳውን በሦስት አራተኛ ፍጥነት አዘግይታችሁ ስትሰሙት እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

አሮጌ ኪቦርድ አገላብጦ የሚሰጥ ጠጋኝ ፋሲሎ ወይም ቀበሌ 14 አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልን፤ የጠየቁኝ ልጆች እየጠበቁ ነው።