ዛንዚባር ኦል ኢንክሉሲቭ፦ ከመክፈላችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ጠያቂው
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከፋሲካ በኋላ ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል። ካዛንቺስ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ኦል ኢንክሉሲቭ (ምግቡም መጠጡም አንዴ የሚከፈልበት) ጥቅል አሳይቶናል፤ ሆቴሉ ምሥራቅ በኩል፣ ፓጄ ነው። ልጅቷ «ከገባችሁ በኋላ ኪሳችሁን አትነኩም» ትላለች። እንዲህ ስትል ደግሞ እኔ ጭራሽ ጠረጠርኩ። ባለቤቴ መጠጥ አትነካም፣ እኔም ከቢራ አላልፍም፤ ቁርስና እራት ብቻ ካለበት ጥቅል ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። የሄደ ሰው ካለ እስቲ ንገሩን።

የፒያሳ ልጅ
ወንድሜ፣ ከምግቡ በፊት ወሩን እይ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት እዚያ ዋናው ዝናብ ነው፣ ማሲካ ይሉታል። አንዳንድ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል፣ ክፍት የሆነውም ዋጋ ይጥላል። ወኪሏ «ቅናሽ አለ» ካለችህ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሁለተኛ ፓጄ ያልከው። ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ እውነት ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ አይቆይም። ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል፣ አሸዋው ላይ ሴቶች የሚያለሙትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ ታያለህ እንጂ መዋኘት የለም፤ ውሃው እስኪመለስ ሰዓታት ትጠብቃለህ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ይብሳል። ለመዋኘት ከሆነ የምትሄዱት ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዙ። ፓጄ በካይት፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ጨርቅ፣ ውሃ ላይ ለሚንሸራተቱት ነው የሚመቸው።

ለገሃር
«ኪሳችሁን አትነኩም» የሚለውን በጽሑፍ ይስጡህ። የትኛው መጠጥ ነው የተካተተው? አብዛኛውን ጊዜ የአገር ቢራና በብርጭቆ የሚቀዳ ወይን ነው፣ ከውጭ የገባው ለብቻ ይከፈላል። ባሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ክፍል ውስጥ ያለው ፍሪጅስ? ከቡፌው ውጭ ያሉት ምግብ ቤቶችስ? ከኤርፖርት የሚወስዳችሁ መኪናስ? እኛ ያረፍንበት ቤት ከማሽን የሚቀዳው ቡና ነጻ ነው፣ ማኪያቶ ስናዝ ግን ቢል መጣ። ሎብስተርማ ገና ስናዝ ነበር ፊርማ የሚጠይቁት።

የኔ አስተያየት ግን ሌላ ነው። መጠጥ የማይጠጣ ሰው ኦል ኢንክሉሲቭ ሲገዛ የጎረቤቱን ሂሳብ እየከፈለ ነው። ደግሞ አሮጌውን ከተማ ስቶን ታውንን ሳታዩ አትመለሱም፤ ጆዛኒ ጫካ ጦጣዎቹን ልታዩ ትሄዳላችሁ፣ ማታ እዚያው ስቶን ታውን ፎሮዳኒ የምሽት ገበያ የተጠበሰ ዓሣ ትበላላችሁ። ያን ቀን ምሳውንም እራቱንም ሁለቴ ከፈላችሁ ማለት ነው። ቁርስና እራት ይበቃችኋል።

አራት ኪሎ
@ለገሃር ልክ ነሽ ግን ልጆች ላሉት ሰው አይሠራም። የኛዎቹ በየግማሽ ሰዓቱ ጁስና ቺፕስ ነው፣ ያለ ኦል ኢንክሉሲቭ አይቻልም ነበር።

ሌላው ወረቀት። ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዛንዚባር የምትገቡት የራሳቸውን ኢንሹራንስ ገዝታችሁ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ቦታ የገዛችሁት አይተካውም። ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃውን) እንዳትረሱ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ይጠየቃል። በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ የሚታሰብ የመንግሥት ክፍያም አለ፣ ጥቅሉ ውስጥ ካልገባ ስትወጡ ሪሴፕሽን ላይ ነው የሚጠብቃችሁ። በርበሬና ቆሎ በፌስታል ቋጥራችሁ እንዳትሄዱ፤ ታንዛኒያ ከ2019 (በፈረንጅ) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች።

እናት
ጾሙንስ ማን አሰበው? ሙሉ ቡፌ ከፍሎ ሩዝና ሰላጣ ይዞ መቀመጥ አለ እኮ። ከፋሲካ በኋላ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ይበላል፣ ግን ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የሰኔ ጾም ይገባል። እኔ ብሆን ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሳይገባ እሄድ ነበር። እዚህ ክረምት፣ እዚያ ደረቅ ነው። ለረቡዕና ዓርብ ቀድማችሁ ለሆቴሉ ጻፉላቸው፣ ቪጋን ካላችኋቸው ይገባቸዋል።

ጠያቂው
እናት ይባርክሽ፣ የጾሙን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም። ሐምሌ፣ ኑንግዊ፣ ቁርስና እራት። ነገ ወኪሏ ጋ ደውዬ ዋጋውን አምጪ እላታለሁ።

የፒያሳ ልጅ
ሐምሌ የፈረንጆቹም ወቅት ነው፣ ዋጋው ይወጣል፣ ክፍልም ቶሎ ያልቃል። ገንዘብ ከሰጠሃት በኋላ የሆቴሉን የቡኪንግ ቁጥር ተቀበል፣ ራስህ ለሆቴሉ ኢሜይል ላክና ስማችሁ መኖሩን አረጋግጥ። ብትሰርዙ ስንት እንደሚመለስና እስከ መቼ እንደሆነም ደረሰኙ ላይ ይጻፍልህ፣ በአፍ አይሆንም።